«የኢነርጂ ዋስትና» ወይስ «የኢነርጂ ደኅንነት»?

ጥያቄ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ክርክር በቴሌቪዥን እከታተላለሁ። የኤሌክትሪክ ነገር ሲነሳ አንዱ ተናጋሪ «የኢነርጂ ዋስትና» ይላል፣ ሌላው «የኢነርጂ ደህንነት» ይላል። አንድ ናቸው ወይ? ደግሞስ ነፋስና ፀሐይ «ይመነጫሉ» ወይስ «ይመረታሉ»?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሳጣ ኖሬያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ለማየት ከምግብ ብንነሳ ይቀላል። «የምግብ ዋስትና» ሲባል ዝናብ ቢቀርም፣ ገበያ ቢወደድም ሰው የሚበላው አያጣም ማለት ነው። «የምግብ ደኅንነት» ሲባል ደግሞ የሚበላው ነገር አልተበከለም፣ አይመርዝም ማለት ነው። ይህን ማንም አያምታታም። ታዲያ ኤሌክትሪክ ላይ ስንደርስ ለምን እናምታታለን? የተበጠሰ ሽቦ መንገደኛ እንዳይገድል መጠንቀቅ ደኅንነት ነው። በድርቅ ዓመት መብራት እንዳይጠፋ አስቀድሞ ማሰብ ዋስትና ነው። ምክር ቤቱ የሚከራከረው በሁለተኛው ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው። ግድብ ሲጎድል ፈረቃ ይመጣል። የ2001 ዓ.ም.ን ፈረቃ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። «ነፋሱን፣ ፀሐዩን፣ የከርሰ ምድር እንፋሎቱን እንጨምር» የሚለው ክርክር የሚነሳውም ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። «ደኅንነት» የግእዝ «ድኅነ» ልጅ ነው። ዳነ፣ ተረፈ ማለት ነው። ድኅነት፣ መድኃኒት፣ መድኅን፣ መድኃኔ ዓለም ሁሉም ከዚህ ቤት ናቸው። በየቀኑ የምንለው «ደኅና ዋልክ?» እንኳ ከዚሁ ነው። ልብ ይበሉ፦ «ደኅና ነህ?» ያልነው ሰው የሚነግረን ያለበትን ሁኔታ ነው። የከርሞውን አይነግረንም።

«ዋስትና» ሌላ ነው። ትግርኛ እስከ ዛሬ «ዋሕስ» ይላል። አማርኛ እንደ ልማዱ «ሐ»ን ዋጠና «ዋስ» አለ። ትግርኛ የምግብ ዋስትናንም «ውሕስነት መግቢ» የሚለው ከዚሁ ሥር ነው። ሁለቱ እኅትማማች ቋንቋዎች እዚህ ላይ አንድ መንገድ መሄዳቸው ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ዋስ ማለት ደግሞ ሰው ነው። «ዋስ ጥራ» የተባለ ሰው የሚጠራው በስም የሚታወቅ ሰው ነው። ያ ሰው ነገ ነገሩ ቢበላሽ ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ «የኢነርጂ ዋስትናችን ምን ላይ ነው?» ሲል፣ በአማርኛ ጆሮ «ዝናቡ ቢቀር ዋሱ ማነው?» ብሎ መጠየቁ ነው። «ደኅንነት» ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። እኔ ለዚህች ቃል የምሟገተው በዚህ ምክንያት ነው።

«ዋስትና የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ እስረኛ የሚወጣበት ነው። ብሔራዊ ደኅንነት እንደምንል የኢነርጂ ደኅንነት እንበል» የሚሉ አሉ። ክርክራቸውን አልንቅም። «ብሔራዊ ደኅንነት» ውስጥ ያለው ደኅንነት በእርግጥ ከመርዝና ከአደጋ ጥንቃቄ የሰፋ ነው። ግን የሥራ ዋስትናስ? ማኅበራዊ ዋስትናስ? እነዚህን ስንል ችሎት ትዝ ያለው ማን አለ? ቃሉ ከፍርድ ቤት ከወጣ ቆይቷል። ይልቅ «የኑክሌር ደኅንነት» የሚል ሐረግ ሲመጣ ምን ሊሉ ነው? እዚያ ላይ ደኅንነት ማለት ጨረር እንዳያመልጥ መጠበቅ ነው። «ኢነርጂ ደኅንነት»ን ለአቅርቦት ከሰጠነው፣ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ሁለት ሥራ ሊሠራ ነው።

ወደ «ማመንጨት» ልለፍ። በመጀመሪያ ትንሽ እርማት፦ ነፋሱ አይመነጭም፤ የሚመነጨው ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ነው። «መነጨ» ውኃ ከመሬት ፈልቆ ወጣ ማለት ነው፤ ምንጭም ከዚሁ ነው። ግእዝ ምንጭን «ነቅዕ» ይለዋል። «ጨ» የምትባለው ፊደል በግእዝ ስለሌለች ቃሉ አሁን ባለው መልኩ የአማርኛ የራሱ ሀብት ነው። አዋሽን በቆቃ ገድበን ኤሌክትሪክ ስናወጣ ቃሉ ልክ ገጠመ፤ ከውኃ የመጣ ቃል ለውኃ ሥራ ዋለ። አሁን «ፀሐይ ምን ምንጭ አላት? ማምረት ይባል» የሚሉ አሉ። እነሱ ራሳቸው ግን «ሐሳብ አመነጨ» ይላሉ። ምክር ቤቱም «ሕግ የማመንጨት ሥልጣን» ይላል። እዚያ ውስጥ ጠብታ ውኃ የለም።

«ምርት» ደግሞ የዐውድማ ቃል ነው። ምርቱን ከግርዱ ለይተው ጎተራ ይከቱታል። ኤሌክትሪክ ግን ባትሪ ካላገኘ ወይም ውኃ ወደ ላይ መልሶ ካልገፋ በቀር ጎተራ አያውቅም። በወጣበት ቅጽበት ሥራ ላይ መዋል አለበት። እንደ ምንጭ ውኃ ይፈስሳል። በእርግጥ በዓመት ስንት ጊጋ ዋት ሰዓት እንደተገኘ ሲቆጠር «የዓመቱ ምርት» ማለት የተለመደ ነው። ይህን አልከለክልም። «ማመንጫ ጣቢያ»ን «ማምረቻ ጣቢያ» ማለትን ግን ጆሮዬ አይቀበለውም፤ ማስረጃ ቢደረደርልኝም አይቀበለውም።

«ኢነርጂ» የሚለውንም ቢሆን እኔ ብሆን «ኃይል» እል ነበር። «የኃይል ዋስትና» ብንል ምን ጎደለን? አንድ ነገር ይጎድላል፤ ማመን አለብኝ። በግእዝ «እግዚአ ኃያላን» ሲባል ሠራዊት አለበት፤ ዛሬም አየር ኃይል፣ ባሕር ኃይል እንላለን። ከዚያም በላይ ሜጋ ዋት የአቅም መለኪያ ነው፤ ኪሎ ዋት ሰዓት የተገኘው መጠን ነው። ሁለቱንም «ኃይል» ብለን ስንጠራ ተከራካሪዎቹ ይተላለፋሉ። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል አቅሙ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያንን ያህል ይሰጣል ማለት አይደለም። ሚኒስቴሩም ስሙን «የውኃና ኢነርጂ» ብሎታል። እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ።

በዋናው ጥያቄዎም ቢሆን ልምዱ እየሄደ ያለው ወደማልወደው ነው። ዜናው «የኢነርጂ ደኅንነት» ማለትን እየለመደ ነው፤ ሰሚው ከአውዱ ይረዳዋል። የተረዳውን ሰው ተሳስተሃል አልለውም። እርስዎ ግን ምረጡ ካሉኝ «ዋስትና» ይበሉ። «ደኅንነት» ካሉም በብዙኃኑ «ኅ» ይጻፉት፤ በጥያቄዎ ላይ በሃሌታው «ህ» ነው የጻፉት። በ«ህ» ሲጻፍ ከመድኃኒት ጋር ያለው ዝምድና ከዓይን ይሰወራል።