ናይንዝ ስትሪት ላይ ክትፎ ከማዘዛችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት በሕንፃ መሐንዲስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የዋሽንግተን ዲሲውን ዩ ስትሪት ግን ለረጅም ጊዜ የማውቀው በሆዴ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ማታ የእኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት ናይንዝ ስትሪት ላይ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስዞር አመሻለሁ፣ ክትፎዬን እበላለሁ፣ ወደ ቤቴ።

አንድ ቀን የ12ኛው መንገድ ጥግ ላይ አንድ የሰፈሩ ጥቁር አዛውንት አገኙኝ። ሙያዬን ሲሰሙ ወደ ትሩ ሪፎርመር ሕንፃ እየጠቆሙ «ይህን ማን እንደነደፈው ታውቃለህ?» አሉኝ። ስንት ጊዜ በሥሩ አልፌያለሁ! አላውቅም። አፈርኩ።

ጆን ላንክፎርድ የሚባል ጥቁር አርክቴክት ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1903 ሲመረቅ ገንዘቡም፣ ንድፉም፣ ግንባታውም የጥቁሮች ነበር። በአገሪቱ ባርነት ከቀረ ገና 38 ዓመቱ ነው እንግዲህ! መሃል ከተማው በሩን ሲዘጋባቸው የራሳቸውን ባንክ፣ ሆቴልና ቲያትር እዚሁ አቆሙ። ሃዋርድ ቲያትር በ1910 ተከፈተ። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተንም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዬን ቤት ትቼ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ከምግብ ቤቶቻችን አሥር ደቂቃ በማይሞላ የእግር መንገድ፣ እዚያው ናይንዝ ስትሪት ላይ፣ የታሪክ ምሁሩ የካርተር ዉድሰን ቤት አለ። ከ1922 ጀምሮ በ1950 እስኪሞት የኖረው እዚያ ነው። ዛሬ በየካቲት የሚከበረው የጥቁሮች ታሪክ ወር እሱ በ1926 ከጀመረው የአንድ ሳምንት በዓል የተወለደ ነው። በሩ ተዘግቶ ብታገኙት እንኳ ፊት ለፊቱ ትንሽ ቁሙ።

ወደ ሰሜን ወጣ ስትሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአገራችን ሰው መላኩ በያን ሕክምና የተማረው እዚያ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊዮ ሃንስቤሪም ከ1922 አንስቶ የጥንት አፍሪካን ታሪክ፣ የእኛንም ጭምር፣ ያስተማረው እዚያው ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው «አፍሪካ ታሪክ የላትም» ሲል።

ሰፈሩ ክፉ ቀንም አይቷል። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የተነሳው ቁጣ ብዙ ሱቅ አቃጠለ። ኋላ ደግሞ የምድር ባቡሩ የሜትሮው ቁፋሮ መንገዱን ለዓመታት ገለበጠው። የዩ ስትሪት ጣቢያ የተከፈተው በ1991 ነው። ከ1958 ጀምሮ ያለው ምግብ ቤት ቤንስ ቺሊ ቦውል ሁለቱንም ተሻግሯል። (ሀፍ ስሞክ የሚባለው ቋሊማቸው የአሳማ ሥጋ አለበት፤ የማትበሉ ሳታዝዙ ጠይቁ።)

በ2000ዎቹ ናይንዝ ስትሪት «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሳ አንዳንድ ነባር ነዋሪዎች ተቃወሙ። እኔም ተናድጄ ነበር። «ቅናት ነው» ብያለሁ፣ አልዋሽም። ዛሬ የቤት ኪራዩ ንሮ፣ የእኛም ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ሲወጡ ሳይ፣ ያኔ እነዚያ ሰዎች ምን እንደፈሩ ይገባኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሄዳችሁ ከዩ ስትሪት ጣቢያ በ10ኛው መንገድ በኩል ውጡ። እዚያው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ አለ፤ ከ200,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል። ቸኩላችሁ አትለፉት፣ ጥቂቱን እንኳ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ከዚያ ወደ ናይንዝ ስትሪት ታጠፉ። ክትፎው የቱ ቤት እንደሚጣፍጥ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።