ጸደይ ወይስ በልግ?

ጥያቄ፦ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በ1893 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ ውስጥ ስለነበረው ሞቃትና ዝናብ አልባ ወቅት እየተረጎምኩ ነው። ጊዜው ከማርች እስከ ሜይ ስለሆነ «ሞቃታማና ደረቅ በልግ» አልኩት። ጓደኛዬ ግን «ጸደይ» በል አለኝ። ጸደይ የመስከረም አበባ ጊዜ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። በልግ ዝናብን በውስጡ የያዘ ቃል ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብም በልግ ነው፣ በእሱ የሚበቅለው እህልም በልግ ነው። «ደረቅ በልግ» ካሉት የወሎ ገበሬ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዝናብ ቀርቶበት ማሳው ጦም ማደሩ ነው። እንግሊዝ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብባት አገር ናት፤ በልግ የላትም።

ጸደይ በባሕረ ሐሳቡ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ከመስከረም 26 የሚጀምረው ወቅት ስሙ መጸው ነው። አደይ አበባ የሚፈነዳበትን ጊዜ ጸደይ ማለት ዛሬ በጣም ተለምዷል፤ በንግግር ማንንም አላርምም። ለትርጉም ግን የጥንቱ ይሻላል፤ ወራቱም ከአውሮፓው ጋር ይቀራረባሉ።

«ሞቃታማ»ንም ይተዉት። ሞቃታማ የሚባለው ሙቀት ጠባዩ የሆነ አገር ነው፣ እንደ አፋር። የአንድ ዓመት ሙቀት ከሆነ «ከወትሮው የሞቀ» ይበሉ።

«ድርቅ» ለማለት ግን አይፍሩ። ያን ዓመት በለንደን ማይል ኤንድ ሰፈር ከማርች 4 እስከ ሜይ 15፣ 73 ቀን ሙሉ የሚለካ ዝናብ አልጣለም፤ በብሪታንያ ከዚያ የረዘመ አልተመዘገበም። ሣሩ ሳያድግ ቀርቶ ድርቆሽ ጠፋ፣ የከብት መኖ ተወደደ። ብቻ ለእኛ አንባቢ ድርቅ ማለት ረሃብ ነው። በዚያው ሰሞን አገራችን «ክፉ ቀን» ከተባለው ታላቅ ረሃብ ገና መውጣቷ ነበር። ስለዚህ የጠፋው የከብት መኖ መሆኑን እዚያው አረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡት።

ቀኑን ወደ እኛ ከመለሱት ከየካቲት 26 እስከ ግንቦት 8 ቀን 1885 ዓ.ም. ነው። በዛሬው ልዩነት ካሰሉት ግን የካቲት 25 እና ግንቦት 7 ይመጣል። የአንድ ቀን ስሕተት ነው፤ ፈረንጆቹ 1900ን በየአራት ዓመቱ የሚመጣውን ትርፍ ቀን ሳይጨምሩበት ስላለፉ ከዚያ ወዲህ ልዩነታችን በአንድ ቀን ሰፍቷል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን ሲመልሱ ሁሌም ይህን ያስቡ።