«መጋዘን ያለው ይሸጥ» ስባል ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የፀጉር ማለስለሻ ክሬም በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። በአንድ ዙር የተመረተው ክሬም የራስ ቆዳ እያቃጠለ እንደሆነ ደንበኞች ደውለው፣ በቴሌግራም ፎቶ ልከው ነገሩን። ናሙናውን ስንመረምር ኮስቲክ ሶዳው ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ግን «መጋዘን ያለው ይሸጥ፣ የሚቀጥለውን እናስተካክላለን» አለ። ለሚያማርሩት ደንበኞች ብራቸው እየተመለሰ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። እኔ ደግሞ ምርቱ ደረጃውን ያሟላል የሚል ማረጋገጫ ላይ እንድፈርም ተጠይቄያለሁ። ብፈርም እጠየቃለሁ? ብናገርስ ከሥራ ያባርሩኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አይፈርሙ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

የወንጀል ተጠያቂነት የግል ነው። እርስዎ የላብራቶሪውን ውጤት አይተዋል። ካዩ በኋላ «ደረጃውን ያሟላል» ብሎ መፈረም ስህተት አይባልም፤ እያወቁ የሐሰት ማስረጃ መስጠት ነው። ነገ አንዷ ተጎጂ ብትከስ መርማሪው መጀመሪያ የሚያነሣው ያንን ወረቀት ነው፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ አይደለም። «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚለው መልስ ቅጣት ቢያቀልልዎት እንኳ ነፃ አያወጣዎትም።

ወደ ድርጅቱ እንምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2085 ለትርፍ ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደተለመደው ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ተጎጂዋ የፋብሪካውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅባትም። በክሬሙ መጎዳቷን ካሳየች ይበቃል። ፋብሪካው «ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ነበር» ብሎ ለማምለጥ ሊሞክር ይችላል፤ ሕጉም ይህን በር ትቶለታል። ግን ክዳኑን ከፍቶ፣ በጣቱ ነክቶና አሽትቶ የሶዳውን መጠን የሚያውቅ ፀጉር ሠሪ የት አለ? ማሸጊያው 15 ደቂቃ እያለ አንድ ሰዓት ያቆየችው ደንበኛ ካለች ግን፣ እሷ ላይ ክርክሩ ይከብዳል።

ይህ እንግዲህ ሳያውቁ ለደረሰ ጉዳት ነው። ካወቁ በኋላ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሰው ጤና አደገኛ የሆነ ዕቃ መሸጥን ከልክሏል። የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ የመጣው የላብራቶሪው ውጤት ከታወቀ በኋላ ነው። «አላውቅም ነበር» የሚለው መከላከያ በዚያው ቀን አበቃ።

ያ «ጥያቄ የለኝም» የሚለው ወረቀት አናዶኛል። የክሬሙ ዋጋና የተቃጠለ ራስ ሕክምና ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው። ብሯን የተቀበለች ሴት ለጉዳቷ ካሣ አልተቀበለችም። ወረቀቱ ጉዳቱንም ይጨምራል ቢባል እንኳ፣ ፋብሪካው ምክንያቱን እያወቀ ደብቆ አታሎ ካስፈረማት ውሉ በተንኮል የተገኘ ነው ብላ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1704 ይመልከቱ።

ካሣው የሕክምና ወጪዋንና የቀረባትን ገቢ ሁሉ መሸፈን አለበት። ለሕሊና ጉዳት ግን ሕጉ ጣሪያ አስቀምጧል፦ 1,000 ብር። በዚያው ሕግ አንቀጽ 2116 ላይ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው። ፀጉሯ ተነቅሎ መስታወት ማየት ለፈራች ወጣት ዛሬ 1,000 ብር! መለወጥ ነበረበት፤ እስኪለወጥ ግን የምንሠራው በዚሁ ነው። ስለዚህ የሕክምና ደረሰኝ የምትጥል ተጎጂ ራሷን ትጎዳለች። የክሬሙ ዕቃም አይጣል፤ የባች ቁጥሩ፣ ማለትም በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው ቁጥር፣ ያለው እሱ ላይ ነው።

መረጃ መደበቅ የት እንደሚያደርስ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተከስክሶ 189 ሰው አለቀ። ያው ዓይነት አውሮፕላን መብረሩን ቀጠለ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው ሞተ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኋላ ኩባንያውን የከሰሰው፣ ኤምካስ ስለተባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተሰጠው መረጃ አሳሳች ነበር ብሎ ነው። ቦይንግ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። የእርስዎ ማረጋገጫም ለተቆጣጣሪ የሚቀርብ መረጃ ነው፤ ያነሣሁትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚያደርጉት። ለሥራ አስኪያጁ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ የባች ቁጥሩን፣ የምርመራውን ውጤትና ቀኑን፣ ሽያጩ እንዲቆምና የተሸጠው እንዲሰበሰብ መጠየቅዎን። ቅጂው ላይ የተቀበለ ሰው ይፈርምልዎት። መሰብሰብ ድርጅት ይገድላል ካሉ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ያንሱላቸው። በ1982 እ.ኤ.አ. ቺካጎ አካባቢ ሌላ ሰው መርዝ የጨመረበት ታይሌኖል ሰባት ሰው ሲገድል፣ ጥፋቱ የኩባንያው ባይሆንም 31 ሚሊዮን ገደማ ጠርሙስ ሰበሰበ። መድኃኒቱ ዛሬም ይሸጣል።

መልስ ካጡ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሂዱ፤ ኮስሞቲክስንም የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ነፃ ስልኩ 8482 ነው። ውጤቱን ቲክቶክ ላይ አይልቀቁት። ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማሳወቅና ለአደባባይ መበተን ፍርድ ቤት ፊት አንድ አይደሉም።

ስለ ሥራዎ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26፣ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ ሂደት መሳተፉ ለስንብት ምክንያት አይሆንም ይላል። ደብዳቤ ይኑርዎት ያልኩት ለዚህ ነው፤ በቃል የተነገረ ቅሬታ ይካዳል። የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 ግን ለከባድ ወንጀሎች ብቻ ስለሆነ እሱን አይመኩበት። ካሰናበቱዎት ወደ ሥራ ለመመለስ የሚጠይቁበት ጊዜ 3 ወር ነው። ተጎጂዎቹ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰባቸው ቀን ጀምሮ 2 ዓመት አላቸው። የሚያውቋት ካለች ይንገሯት፤ ደብዳቤውንም ከማስገባትዎ በፊት ለአንድ ጠበቃ ያሳዩት።