ሜትሩ 12 ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ቅኝቱ ግን ይዋዥቃል

ሞጁላር ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ሞጁል ከሚባሉ ተሰኪ ክፍሎች የሚገጣጠም የኤሌክትሮኒክስ የሙዚቃ መሣሪያ ያለው የአንባቢያችን ችግር ባጭሩ ይኸው፦ «ሞጁላር ሲንተሳይዘሬ ጥቂት ሞጁሎች ሲሰኩበት ደህና ነው። ሁሉንም ስሰካ ግን የኦሲሌተሮቹ (የድምፅ አመንጪዎቹ) ቅኝት ይዋዥቃል፣ ከስር እምም የሚል ድምፅ ይመጣል፣ መብራቶቹም ይርገበገባሉ። ስለካው የፕላሱ (+) መስመር 11.8፣ የማይነሱ (−) 12 ቮልት ነው። ቀደም ሲል አንድ ጠጋኝ የፓወር ሰፕላዩን ካፓሲተር ቀይሮልኝ ነበር። ኦሲሌተሮቹን ልቀይር?»

ኦሲሌተሮቹን ተዋቸው፣ ወንድሜ። አንድ ኦሲሌተር ቢበላሽ ብቻውን ይስት ነበር፤ ሁሉም አብረው ከሳቱ መታየት ያለበት የጋራቸው የሆነው ነገር ነው። «ሁሉንም ስሰካ» እና «ካፓሲተር ቀይሮልኝ» ስትል ልቤ ወዲያው የሄደው ወደ ፕላሱ መስመር ትልቁ የማጣሪያ ካፓሲተር ነው።

የላክኸው ፎቶም ይህንኑ ይናገራል። ትራንስፎርመሩ 15-0-15 ነው፣ ከዚያ ብሪጅ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጡ አራት ዳዮዶች)፣ ከዚያ 7812 እና 7912፣ ማለትም ቮልቱን ፕላስ 12 እና ማይነስ 12 ላይ የሚያጸኑት ሬጉሌተሮች። በማይነሱ በኩል የድሮው 4700 ማይክሮፋራድ እንዳለ ተቀምጧል። በፕላሱ በኩል ግን ጠጋኙ 1000 ማይክሮፋራድ አስገብቶ፣ እግሩ ቀዳዳው ላይ አልደርስ ሲለው በቁራጭ ሽቦ ቀጥሎታል። ይሄ ተሰነቀረ እንጂ ተቀየረ አይባልም። እጁ ላይ የነበረውን ነው የበየደው።

ክዳኑን ከመንካትህ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀል። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። ብዙ ማብሪያ አንዱን ሽቦ ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ መብራቱ ጠፍቶም ፌዙ ትራንስፎርመሩ ድረስ ይገባል። ከነቀልህ በኋላ በሁለቱም ትልልቅ ካፓሲተሮች እግሮች ላይ ተራ በተራ 1 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር ለግማሽ ደቂቃ ያዝባቸው፤ እጅህን በሸፈነ ነገር እንጂ በባዶ ጣት አይደለም። ከ1 ቮልት በታች መውረዱንም በሜትር አረጋግጥ።

አሁን 11.8 ለምን እንዳታለለህ ላስረዳህ፤ ይህችን ነገር የገባው ሰው ግማሹን የፓወር ሰፕላይ ብልሽት ከወንበሩ ሳይነሳ ያውቀዋል። ከ15 ቮልት ኤሲ ዳዮዱን አልፎ ካፓሲተሩ ላይ የሚደርሰው ጫፍ ወደ 20 ቮልት ነው። ብሪጁ ካፓሲተሩን የሚሞላው በሰከንድ 100 ጊዜ ነው፤ መስመሩ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር 120 ጊዜ። በሁለት ሙሌት መካከል ባለው 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ግን ከትራንስፎርመሩ የሚመጣ ነገር የለም፤ ሞጁሎችህ የሚበሉት ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ብቻ ነው። 1 አምፔር ሲስቡ 4700 ማይክሮፋራዱ 1.7 ቮልት ያህል ቢወርድ ነው፣ 18.3 ላይ ይቆማል። 7812 ደግሞ 12 ለማውጣት በመግቢያው 14 ያህል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሰላም ነው። 1000 ማይክሮፋራዱ ግን በዚያው ጊዜ 8 ቮልት ይወርድና 12 ላይ ይደርሳል። መግቢያው ከ14 ካነሰ ሬጉሌተሩ መቆጣጠሩን ትቶ አብሮ ይወርዳል፤ መውጫው ለአፍታ እስከ 10 ቮልት ገደማ ይዘቅጣል፣ ወዲያው ይመለሳል፣ እንደገና ይዘቅጣል፣ በሰከንድ 100 ጊዜ። ሜትርህ ያንን ሁሉ አማክሎ 11.8 ይልሃል። ያቺ የጎደለችው 0.2 ቮልት ናት መዘዙ። እምም የሚለው ድምፅም ራሱ ይኸው 100 ኸርዝ ነው። ሞጁሎቹ ጥቂት ሲሆኑ የሚስቡት ትንሽ ስለሆነ 1000ውም ይበቃል፤ ለዚህ ነው ደህና የሚመስልህ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የሜትሩን ጥቁር ጫፍ ስፒናው እንደተነቀለ ግራውንድ ላይ አስይዝ፣ ሜትሩን ኤሲ ላይ አድርግ፣ ከዚያ ሰክተህ የ7812ን መውጫ በአንድ እጅ ብቻ ለካ። ወደ ትራንስፎርመሩ፣ ወደ ፊውዙና ወደ ማብሪያው አትጠጋ። ከሞጁሎቹ ሁሉ ጋር ጥቂት ሚሊቮልት ካሳየ የእኔ ግምት ውድቅ ነው፤ ከ0.1 ቮልት ካለፈ ጥፋተኛው ተይዟል። ርካሽ ሜትር ኤሲ ላይ ሆኖም ዲሲውን ይቆጥራል፤ ጫፎቹን ብትገለብጥና ቁጥሩ ከተለወጠ፣ ከአንዱ ጫፍ ጋር 1 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር በተከታታይ አስገባ።

ስትቀይር 4700 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት ቆርቆሮው ትንሽ የሆነውን አትመን፤ ከመበየድህ በፊት ለካው፣ አንዳንዱ የተጻፈበትን ግማሽ አይሞላም። የማይነሱንም አብረህ ቀይር፣ ዕድሜው ጠጋኙ ካወጣው ጋር እኩል ነው። በማይነሱ በኩል የካፓሲተሩ ፕላስ እግር ወደ ግራውንድ መሆኑን ግን አትርሳ፤ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል። በዚያው እጅህ የ7912ን ጀርባ እይ፤ ብረቱ ከመግቢያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከአሉሚኒየሙ በማይካ ወይም በሲሊኮን መለየት አለበት። የ7812 ጀርባ ግራውንድ ነው፣ አይመሳሰሉም።

መጀመሪያ ያለ ምንም ሞጁል አብራውና ሁለቱንም መስመር ለካ። ከዚያ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ መልስ፤ ለእያንዳንዱ ስፒናውን ነቅለህ፣ የሪባን ኬብሉን ቀይ መስመር ወደ ማይነስ 12 አዙረህ።

ድምፁ ከዚህ በኋላም ካለና በአንድ ኦክታቭ ወርዶ 50 ኸርዝ ከሆነ፣ ከብሪጁ አንድ ዳዮድ ተበጥሷል። ድምፁ ቀርቶ መስመሩ ከሞቀ በኋላ ብቻ ከወደቀ ደግሞ ሬጉሌተሩ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነው፤ 1 አምፔር ላይ ወደ 7 ዋት ይተፋልና ሰፋ ያለ አሉሚኒየም ስጠው። ያንን ስትገጥምም ስፒናው ተነቅሎ፣ ካፓሲተሮቹም ባዶ ሆነው ይሁን።