ካሜራ ያልደረሰበት መድረክ፦ ስለ ድሮ የቴአትር ስዕሎች የጠየቃችሁኝ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (በ19ኛው ክፍለ ዘመን) የለንደን ጋዜጦች ያወጧቸው የነበሩትን የአስቂኝ ቴአትርና የኮሚክ ኦፔራ (በዘፈን የሚቀርብ አስቂኝ ቴአትር) ስዕሎች በጣም ነው የምወዳቸው። ባለፈው ስለነሱ ስጽፍ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ፣ አራቱን ልመልስ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካሜራ እኮ ያኔ ነበረ። ፎቶ ለምን አያወጡም ነበር?

ነበረ፣ ግን ቴአትር ቤት ውስጥ አይሠራም። መድረኩ የሚበራው በጋዝ ነው፤ የዚያን ጊዜ ካሜራ ደግሞ ብዙ ብርሃንና ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ተዋናዮቹ የመድረክ ልብሳቸውን ለብሰው ስቱዲዮ ሄደው ይነሱ ነበር። ያንንም ፎቶ ከጽሑፍ ጋር አንድ ገጽ ላይ ማተም የተለመደው ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ነው።

ታዲያ ስዕሉ እንዴት ይታተማል?

በእንጨት። ሰዓሊው ትርኢቱን አይቶ ይስላል፣ ስዕሉ ጠንካራ እንጨት ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይሰፍራል፣ ከዚያ ቀራጩ ነጭ የሚሆነውን ሁሉ እየፈለፈለ ያወጣና የቀረው መስመር ቀለም ይይዛል። እንጨቱ የሚገኝበት ዛፍ ግንዱ ቀጭን ነው። ስለዚህ ለትልቅ ስዕል ትንንሽ ቁራጮችን በብሎን ያጋጥማሉ። ጊዜ ሲያጥር ይፈቱትና ለየቀራጩ አንዳንድ ቁራጭ ያድላሉ፤ አንዱ የተዋናይዋን ፊት፣ ሌላው ቀሚሷን ሊቀርጽ ይችላል! አሮጌ ህትመት ላይ ስዕሉን የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ ቀጭን ነጭ መስመር ካያችሁ መጋጠሚያው ነው።

ስዕሎቹ ምን ያህል ይታመናሉ?

ይሄ ጥያቄ ደስ አለኝ። ደራሲው ጊልበርትና የሙዚቃ ደራሲው ሰሊቫን መጀመሪያ አብረው የሠሩት ኮሚክ ኦፔራ «ቴስፒስ» ዲሴምበር 26 ቀን 1871 በለንደኑ ጌይቲ ቴአትር መታየት ጀመረ። ሽማግሌ የሆኑ የግሪክ አማልክት ሥራቸውን ለአንድ ዓመት ለተዋናዮች ቡድን ያስረክባሉ፣ ነገሩም ሁሉ ይበላሻል። ሙዚቃው አብዛኛው ጠፍቷል። ግጥሙ፣ ጥቂት ዜማና ዲ. ኤች. ፍሪስተን ለኢላስትሬትድ ለንደን ኒውስ የሳለው ስዕል ግን ተርፈዋል (በ1868 ዊልያም ሲምፕሰን የተባለውን ሰዓሊ ወደ መቅደላ የላከው ይኸው ጋዜጣ ነው)። ያ ስዕል ባይኖር መድረኩን በዓይነ ህሊናችን ለመሳል ምን እንይዝ ነበር? ፍሪስተን በ1875 የሁለቱን ሌላ ሥራ «ትራያል ባይ ጁሪ»ንም ስሏል፤ እዚያ ዳኛውን የተጫወተው የሰሊቫን ወንድም ፍሬድ ነው።

እኔ በልብሱና በአቋቋሙ አምናለሁ፣ በርቀቱ ግን አላምንም። ሰዓሊው ሰፊውን መድረክ አንድ ገጽ ላይ ማስገባት አለበትና ሰዎቹን ያቀራርባል፣ አንዳንዴም በተለያየ ሰዓት የሆነውን አንድ ላይ ያመጣል። የስቱዲዮ ፎቶ ካገኛችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡና አወዳድሩ።

ለንደን አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ባለቀለም ስዕል ገዛሁ። ቀለሙ የጥንት ነው?

ምናልባት አይደለም። የየሳምንቱ እትም የሚወጣው በጥቁር ቀለም ነበር፣ ባለቀለም ስዕል በብዛት የሚወጣው እንደ ገና ባሉ ልዩ እትሞች ነው። ብዙ ነጋዴዎች ከጋዜጣው ገጹን ቆርጠው በኋላ ዘመን በእጃቸው ቀብተውታል። ጀርባውን ይዩት፤ የዜና ጽሑፍ ካለበት ከተራ እትም የተቆረጠ ሳይሆን አይቀርም። ያምራል፣ ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉት። የተዋናይዋ ቀሚስ ቀይ ነበር ብለው ግን ከሱ ተነስተው እንዳይጽፉ አደራ።