መልስ፦ የአዞ ዘመድ መሬት ላይ ይሮጥ ነበር ወይ?

ወንድሜ፣ «ደረቅ መሬት ላይ የሚሮጥ ትንሽ የአዞ ዘመድ ነበር ሲሉ ሰማሁ፣ እኛ ጀማ ሸለቆ ድንጋይ ውስጥስ ይገኝ ይሆን?» ላልከው፣ የመጀመሪያው እውነት ነው። ፕሮቶሱከስ ይባላል። ከዛሬ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር አካባቢ የሆነ እንስሳ ነው። አርጃኖ የሚያህል በለው። የዛሬው አዞ የሩቅ ዘመድ እንጂ ቀጥተኛ አያት አይደለም።

አጽሙ የተገኘው አሪዞና፣ አሜሪካ ነው። ባርነም ብራውን (ያ ቲራኖሶረስን ያገኘው ሰውዬ) በ1933 እ.ኤ.አ. ሌላ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ስሙ ቀድሞ ተይዞ ስለተገኘ በዓመቱ ቀየረው።

ደስ የሚለው እግሩ ነው። ቀጭንና ረዘም ያለ ሆኖ ገላውን ከሥር ቀጥ አድርጎ ስለሚሸከም እንደ አዞ ሆዱን መሬት ለመሬት አይጎትትም። ጀርባው ላይ ግን ሁለት ረድፍ የአጥንት ጋሻ አለው፣ አፉን ሲገጥም ደግሞ ከታችኛው መንጋጋ ትልልቆቹ ጥርሶች ከላይኛው መንጋጋ ጎን ያለው ስርጉድ ውስጥ ቁጭ ይላሉ። አዞነቱ እዚህ ላይ ያስታውቃል።

ጀማን እርሳው። ከዓለም ከተማ ቁልቁል ስትወርድ የምታየው የኖራ ድንጋይ የባሕር ደለል ነው፣ ከፕሮቶሱከስም በብዙ ሚሊዮን ዓመት ያንሳል። እዚያ ዛጎል ፈልግ።