በቦይንግ 737 ጅራት አጠገብ ስላሉት ትንንሽ ክንፎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከቦይንግ 737-800 የኋላ በር ስንወርድ፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ካለው የጭስ መውጫ ቀደም ብሎ በአካሉ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ክንፎች ይታያሉ። ጭሱን ለመምራት የተሠሩ ናቸው?

መልስ፦ ከጭሱ ጋር ግንኙነት የላቸውም። በሙያው ቮርቴክስ ጄኔሬተር ይባላሉ፤ ሥራቸውም በአካሉ ላይ የሚያልፈውን አየር ማስተካከል ነው። አውሮፕላኑ 39.5 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ከአፍንጫው ጀምሮ ከአካሉ ጋር እየተሻሸ የሚመጣው የአየር ንጣፍ ጅራቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ደክሟል። የአካሉ የታችኛው ክፍል ደግሞ፣ አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ጅራቱ መሬት እንዳይነካ፣ ወደ ላይ እየሾለ ይሄዳል። የደከመው አየር ይህን ቅርጽ መከተል ሲያቅተው ከአካሉ ተላቅቆ ይተራመሳል፤ በዚህም ጎታች ኃይል ይጨምራል፣ ጅራቱም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። እያንዳንዷ ክንፍ ከአየሩ አቅጣጫ በጥቂቱ ዘወር ብላ ስለተተከለች፣ ከጫፏ የሚነሣው ሽክርክሪት በውጭ በኩል ያለውን ፈጣን አየር ወደ አካሉ ያስጠጋዋል፤ የደከመውም ንጣፍ ጉልበት አግኝቶ ሳይላቀቅ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጭሱ የሚወጣው ከየትኛው ሞተር ነው?

መልስ፦ ኤፒዩ ከሚባለው ረዳት ሞተር ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ዋናዎቹን ሞተሮች ለማስነሣት የሚያስፈልገውንም የታመቀ አየር ይሰጣል እንጂ አውሮፕላኑን አይገፋም።

ጥያቄ፦ ክንፎቹ ራሳቸው አየሩን አያግዱም?

መልስ፦ ያግዳሉ፤ ነገር ግን አየሩ ቢላቀቅ የሚደርሰው ኪሳራ ከዚህ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረው 737 ማክስ ላይ ቦይንግ የጅራቱን ጫፍ አስረዝሞ ከኤሌቬተሩ (አፍንጫውን ቀና ወይም ዝቅ ከሚያደርገው የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍል) በላይ ያለውን ክፍል በማወፈር የአየሩን ፍሰት ስላረጋጋው፣ በዚያ ስፍራ ክንፎቹ አላስፈለጉም። ይህን አይተው የቀድሞዎቹን ክንፎች የንድፍ ጉድለት መሸፈኛ አድርገው የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ፍርዱ ተገቢ አይመስለኝም፤ የአካልን ቅርጽ መለወጥ አዲስ የማምረቻ መሣሪያና ሰፊ ፍተሻ ስለሚጠይቅ፣ በጥቂት ግራም ብረት ችግርን ማቃለል የበሰለ የምሕንድስና ውሳኔ ነው።

ጥያቄ፦ ሊርጄት 60 በተባለው አነስተኛ የግል ጄት ጅራት ሥር ያሉት ሁለት ትልልቅ ክንፎችስ?

መልስ፦ እነዚያ ሥራቸው ሌላ ነው፤ አውሮፕላኑ አቅጣጫውን እንዲጠብቅ ያግዛሉ፣ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲልም ወደ ታች እንዲመለስ ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ ከትንንሾቹ አንዷ ወልቃ ብትገኝ በረራ ይፈቀዳል?

መልስ፦ በግምት አይወሰንም። ከአካሉ ውጫዊ ክፍሎች የትኛው ቢጎድል መብረር እንደሚቻል፣ ስንት እንደሆነና በምን ገደብ እንደሚፈቀድ የሚደነግግ የጸደቀ ዝርዝር ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት አለ፤ ቴክኒሻኑም ፓይለቱም የሚመሩት በእርሱ ነው።